ማኮዋ ዳክዬን በቢሾፍቱ ሐይቆች መለየት

በቢሾፍቱ ለአስጎብኚዎች፣ ለመምህራንና ለወፍ ተመልካቾች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዳክዬ ነው። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች በተመዘገቡባት አገር ውስጥ ለአንድ ዳክዬ ይህን ያህል ሰዓት መስጠቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። ማኮዋ የሚባለው ይህ ዳክዬ ግን ከአፍሪካ ውጭ የማይገኝ፣ ቁጥሩም እየቀነሰ የመጣ ወፍ ነው፤ በኢትዮጵያ ከሚታይባቸው ቦታዎች መካከል ስማቸው የሚነሳው ደግሞ እናንተ በየቀኑ በዳርቻቸው የምታልፉባቸው የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው። ይህም ሆኖ አብዛኛው ሰው ሳያየው ያልፋል። አንዳንዱም ሌላ ዳክዬ አይቶ “ማኮዋ አየሁ” ብሎ ይመዘግባል።

ከሁለቱ ስሕተቶች የሚከፋው ሁለተኛው ይመስለኛል። ዛሬ ሳይታይ ያለፈ ወፍ ነገ ሊታይ ይችላል፤ በስሕተት የተመዘገበ ወፍ ግን ከመዝገቡ ለማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ ከዓመታት በኋላ የዝርያውን ቁጥር የሚገምት ሰው ያልነበረን ወፍ እንደነበረ አድርጎ እንዲቆጥር ያደርገዋል። ስለዚህ የንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ብርቅ ወፍ አየሁ ለማለት በቅድሚያ ከእሱ ጋር የሚምታቱትን የተለመዱ ወፎች በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለ ማኮዋ የምነግራችሁም ግማሽ ያህሉ ማኮዋ ስላልሆኑት ዳክዬዎች ነው።

ሐይቆቹን ከእኔ በተሻለ ታውቋቸዋላችሁ፤ ነገር ግን ከወፉ አኗኗር ጋር ስለሚያያዝ ጥቂት ልበል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ ዙሪያ ያሉት ውሃዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሆራና ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ፣ ዳርቻቸው ገደል የሆነና ከዳር ጥቂት ራቅ እንዳሉ ጥልቀታቸው በፍጥነት የሚጨምር ናቸው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት እንዲያውም ከ80 ሜትር ይበልጣል። ጨለለቃ በአንጻሩ ዝርግ መሬት ላይ የተኛ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ስፋቱም ከክረምት እስከ በጋ በእጅጉ የሚለዋወጥ ረግረጋማ ውሃ ነው። ጠልቆ ከጭቃ ላይ ምግብ የሚለቅም ወፍ 80 ሜትር ድረስ እንደማይወርድ ግልጽ ነው። ስለዚህ በጉድጓዶቹ ሐይቆች ላይ ማኮዋ ሲመገብ የሚጠበቀው ታችኛው ጭቃ በሚደረስበት ጠባብ ዳርቻና ፊላና ቄጤማ በበቀለባቸው ጥጋጥጎች አካባቢ ሲሆን፣ ሲያርፍ ግን ከዳር ርቆ መሐል ላይ ተንሳፍፎ ሊገኝ ይችላል። መሐሉን ብቻ ቃኝቶ “የለም” ብሎ የሚመለስ ሰው ሐይቁን አላየውም።

አሁን ወደ ወፉ ልምጣ። ማኮዋ ከሰሃራ በስተደቡብ የሚኖር ብቸኛው ጅራተ ደረቅ ዳክዬ ነው። ወገኖቹ በሌሎች አህጉራት አሉ፤ በደቡብ አውሮፓ፣ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው እስያ ባለ ነጭ ራሱ፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ረዲ የሚባለው ዳክዬ ይገኛሉ። በአፍሪካ ውስጥ ማኮዋ የተከፈለው በሁለት የተራራቁ አካባቢዎች ነው፤ አንዱ ወገን በደቡባዊ አፍሪካ፣ ሌላው ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል በምሥራቁ ክፍል ይኖራል። የኛዎቹ የምሥራቁ ወገን ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ያሉ በመሆናቸው በዚህ የሚገኝ እያንዳንዱ አስተማማኝ መረጃ ከአካባቢው አልፎ ለዝርያው በጠቅላላ ይጠቅማል።

የዚህን ዳክዬ ቅርጽ ለማስታወስ የሚረዳው ኑሮውን መረዳት ነው። ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው ሥር ካለው ጭቃ ሲሆን፣ ሰፊ ምንቃሩን በጭቃው ውስጥ እያንቀሳቀሰ የትንኝ መሰል ነፍሳትን እጮች፣ ትሎችን፣ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎችንና የዕፅዋት ዘሮችን አጣርቶ ይበላል። እንዲህ ያለ ኑሮ ያለው ወፍ በውሃ ውስጥ ራሱን የሚገፋበት ጉልበት ያስፈልገዋልና እግሮቹ ከሰውነቱ ወደ ኋላ ሸሽተው የተተከሉ ናቸው፤ በዚህም ምክንያት በየብስ ላይ መራመድ እጅግ ይከብደዋል፣ እናንተም ዳር ላይ ሲዘዋወር ታገኙታላችሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ረጅምና ደረቅ የሆኑት የጅራቱ ላባዎች በውሃ ውስጥ እንደ መቅዘፊያ ያገለግሉታል። ሰውነቱ ወፈር ያለ፣ አንገቱ አጭርና ወፍራም፣ ራሱ ትልቅ ሲሆን፣ በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ለመብረር በውሃው ላይ ረጅም ርቀት እየተንደረደረ ክንፉን መምታት ስላለበት፣ ሰው ሲቀርበው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው መጥለቅን ወይም ቀስ ብሎ እየዋኘ መራቅን ነው። ጀልባ ሲጠጋው እንደ ሌሎቹ ዳክዬዎች ተነስቶ የሚሄድ ወፍ ካያችሁ፣ ይህ ራሱ ማኮዋ ነው ብላችሁ ከመደምደም ሊያዘገያችሁ ይገባል።

ወንዱ በርቢ ጊዜው የሚምታታ አይመስልም። ራሱ በሙሉ ጥቁር፣ ሰውነቱ ጥልቅ የሆነ ቀይ ቡኒ፣ ምንቃሩ ደግሞ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ምንቃሩ ከግንባሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ ሲሄድ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል። በክልሉ ላይ ሌላ ወንድ ሲገባበት ወይም ሴት ስትቀርበው አንገቱን ይነፋል፣ ጅራቱን ይተክላል፣ እንቁራሪት የሚመስል፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅም ያሰማል። ይህን ያየና የሰማ ሰው ክርክር አይገጥመውም።

ችግሩ ወንዱ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሆኖ አለመቆየቱ ነው። ከርቢ ጊዜ ውጭ ላባውን ሲቀይር ግራጫማ ቡኒ ይሆናል፤ ምንቃሩም ሰማያዊነቱን ያጣል፤ ሴቷን ወደ መምሰል ይጠጋል። ሴቷ ደግሞ ዓመቱን በሙሉ ቡኒ ናት። የእሷ መለያ ፊቷ ላይ ነው፦ ከዓይኗ በላይ ጥቁር ቡኒ ቆብ፣ ከዓይኗ በታች ከምንቃሯ ሥር ተነስቶ ወደ ማጅራቷ የሚሄድ ፈዛዛ መስመር፣ ከሱ በታች እንደገና ጠቆር ያለ መስመር፣ ከዚያም ፈዛዛ ጉሮሮ። በአግድም የተሰመሩት እነዚህ መስመሮች ከታዩ ነገሩ አለቀ ማለት ይቻላል። የሚታዩት ግን ወፏ ፊቷን ወደ እናንተ ስታዞር፣ ብርሃኑ ሲያግዝ፣ ርቀቱም ሲፈቅድ ብቻ ነው።

በዚህ ሐይቅ ላይ ቡኒ ወይም ቀይ ቡኒ የሆነ ጠላቂ ወፍ ስታዩ ማኮዋ ከማለታችሁ በፊት ማግለል ያለባችሁ ቢያንስ አራት እጩዎች አሉ። ከእነዚህ ሁለቱ ብዙ ሰው አሳስተዋል ብዬ ስለማምን በእነሱ ላይ እቆያለሁ።

የመጀመሪያው የደቡብ ፖቻርድ የሚባለው ጠላቂ ዳክዬ ነው። ወንዱ ከሩቅ ሲታይ ጠቆር ያለ ቡኒ፣ ምንቃሩም ሰማያዊ ግራጫ ነው። “ጥቁር ራስ፣ ቡኒ ሰውነት፣ ሰማያዊ ምንቃር” ብሎ በቃል የሸመደደ ሰው የደቡብ ፖቻርድን ወንድ አይቶ ማኮዋ ቢለው ሊፈረድበት አይገባም፣ ምክንያቱም ሦስቱም ቃላት ይገጥማሉ። የማይገጥመው ቅርጹ ነው። የደቡብ ፖቻርድ አንገቱ ረዘም ያለ፣ በውሃ ላይ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ፣ ጅራቱ አጭርና ለስላሳ ነው፤ ምንቃሩ ሰማያዊ ቢሆንም ደማቅ አይደለም፤ ዓይኑ ቀይ ነው። ሴቷ ደግሞ ቡኒ ሆና ፊቷ ላይ ፈዛዛ ምልክት ስላላት ከማኮዋ ሴት ጋር ትምታታለች። የፖቻርዷ ምልክት ከምንቃሯ ሥር ያለ ነጣ ያለ ቦታና ከዓይኗ ኋላ ተነስቶ ወደ ጉሮሮዋ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የሚወርድ መስመር ነው። ልዩነቱን በአንድ ሐሳብ ያዙት፦ የፖቻርዷ መስመር ቁልቁል ይወርዳል፣ የማኮዋዋ መስመር ግን አግድም ይሄዳል።

ሁለተኛው ነጭ ዓይን ፖቻርድ ነው። ይህ ከሰሜን የሚመጣ ፍልሰተኛ በመሆኑ የሚታየው የአውሮፓና የእስያ ክረምት በሚሆንበት፣ ለእኛ ግን በጋ በሆነው ወቅት ነው። ወንዱ ጥልቅ ቀይ ቡኒ ስለሆነ “ቀይ ቡኒ ዳክዬ” የሚለውን መግለጫ ያሟላል። ነገር ግን ራሱም እንደ ሰውነቱ ቀይ ቡኒ ነው፣ ጥቁር አይደለም፤ ዓይኑ ነጭ ሲሆን፣ ከጅራቱ ሥር ያለው ላባ ደግሞ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ያበራል። በዚህ ምልክት ብቻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ርቀት እንኳ ማግለል የሚቻልበት ጊዜ አለ።

ሁለቱንም ፖቻርዶች ከማኮዋ የሚለይ ሌላ ጠንካራ ማስረጃ አለ፤ እሱም ክንፍ ነው። ፖቻርዶቹ ሲበሩ ወይም በውሃው ላይ ቆመው ክንፋቸውን ሲያራግፉ ከክንፋቸው ጠርዝ አጠገብ ሰፊ ነጭ መስመር ይታያል። የማኮዋ ክንፍ ከላይ አንድ ወጥ ጥቁር ቡኒ ነው፣ ነጭ የለበትም። ዳክዬ ላባውን ሲያጸዳ ቆይቶ ክንፉን ማራገፉ የተለመደ ስለሆነ፣ ትዕግሥት ያለው ተመልካች ይህን ማስረጃ ማግኘቱ አይቀርም። በሚያንቀላፋ ዳክዬ ላይ ከመከራከር እስኪያራግፍ መጠበቅ ይሻላል።

ሦስተኛውና አራተኛው እጩ በአጭሩ ያልፋሉ። ነጭ ጀርባ ዳክዬ ጠላቂ ነው፣ ዝቅ ብሎም ይንሳፈፋል፤ ጀርባው ጉብ ያለ፣ ቀለሙ ቡናማና ዥንጉርጉር ሲሆን፣ ከምንቃሩ ሥር ያለው ነጭ ሞላላ ነጥብ ይለየዋል፤ ስሙን ያገኘበት ነጭ ጀርባ ግን የሚታየው ሲበር ብቻ ነው። ትንሿ ግሪብ ደግሞ ጠላቂ ብትሆንም ከማኮዋ በግማሽ ያህል የምታንስ፣ የኋላ ላባዋ የተንጨባረረ፣ ጅራት ያላት የማትመስል ወፍ ናት። መጠን በባዶ ውሃ ላይ ስለሚያታልል ግን ግሪብን ማኮዋ ማለት የማይሆን ነገር አይደለም፤ ለዚህም ነው በሐይቁ ላይ በብዛት የሚገኘውን ኩት እንደ መለኪያ መጠቀም የሚገባው። ባለ ቀይ እባጩ ኩት፣ ማለትም ያ ጥቁር ሰውነትና ነጭ ምንቃር ያለው፣ እናንተም በየዳርቻው ሲጣላ የምታዩት ወፍ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ማኮዋ ወደ 50 ይጠጋል። የምትጠራጠሩት ወፍ ከኩቱ አጠገብ ሲያልፍ ጠብቁት። ከኩቱ በግልጽ የሚያንስ ከሆነ ማኮዋ አይደለም።

ስለ ጅራት ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መጻሕፍት ማኮዋን ሲሥሉ ጅራቱን ቀጥ አድርገው ሽቅብ ስለሚተክሉት፣ ብዙ ሰው የተተከለ ጅራት ካላየ ወፉን ይተወዋል። ማኮዋ ግን ጅራቱን ብዙውን ጊዜ በውሃው ላይ ዘርግቶ ወይም ከውሃው በታች አድርጎ ስለሚንሳፈፍ ጅራቱ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። የተተከለ ደረቅ ጅራት መታየቱ ማስረጃ ነው፤ አለመታየቱ ግን ምንም አያረጋግጥም። ፍርድ ቤት ያልቀረበ ምስክር ለማንም እንዳልመሰከረ ሁሉ፣ ያልታየ ምልክት ለየትኛውም ወገን አይቆጠርም፤ የወፍ ልየታ ላይ ከማያቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህ ሲዘነጋ ነው።

ይህን ሁሉ በተግባር እንየው። በኅዳር ወር አንድ ማለዳ በሆራ ጠርዝ ላይ ቆማችኋል እንበል። ከታች ከፊላው ፊት ለፊት ኩቶች ተበትነዋል፤ ከእነሱ ወጣ ብሎ አንድ ቡኒ ዳክዬ ምንቃሩን በጀርባው ላባ ውስጥ ቀብሮ ተኝቷል። ፊቱ አይታይም፣ ምንቃሩ አይታይም፣ ጅራቱም የለም። ምን ማወቅ ይቻላል? መጠኑ ከኩቱ ትንሽ እንደሚበልጥ ይታያልና ግሪብ ወጣ። ከጅራቱ ሥር ነጭ የለውምና ነጭ ዓይን ፖቻርድ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ወጡ። በውሃው ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጡ ወደ ማኮዋ ያዘነብላል፤ ሆኖም የተኛ ዳክዬ ሁሉ ከነቃው ዝቅ ያለ መስሎ ስለሚታይ ይህን እንደ ግማሽ ማስረጃ ያዙት። በዚህ ደረጃ በማስታወሻ ደብተር ላይ ሊሰፍር የሚገባው “ቡኒ ጠላቂ ዳክዬ፣ አንድ፣ ያልተለየ” የሚል ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወፉ ነቃ፣ ወደ ፊላው ዋኘ፣ ጠለቀ። ሲጠልቅ በዝምታ ወደ ውስጥ ሰመጠ እንጂ አልዘለለም። ከውሃው ሲወጣ ለአንድ አፍታ ፊቱን አዞረ፤ ከዓይኑ በታች ፈዛዛ አግድም መስመር ታየ፣ ከሱም በታች ጠቆር ያለ። አሁን የደቡብ ፖቻርዷም ወጣች። ክንፉን እስኪያራግፍ ጠበቃችሁ፣ አራገፈም፤ ነጭ መስመር የለም። ሴት ማኮዋ ወይም ላባውን የቀየረ ወንድ ማለት የሚቻለው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ የፊት መስመሩ ምን ያህል ጎልቶ ይታያል የሚለው ይረዳል፤ በሴቷ ላይ ጎላ ይላል። ካልተቻለ “ማኮዋ፣ ፆታው ያልተለየ” ብሎ መተው ምንም ነውር የለበትም።

እዚህ ሐይቆች ላይ የሚገጥማችሁ ልዩ ችግር የምትመለከቱበት ቦታ ከፍታ ነው። የጉድጓዶቹ ጠርዝ ከውሃው በብዙ ሜትር ከፍ ስለሚል ወፉን የምታዩት ከላይ ወደ ታች ነው። ከላይ የታየ ዳክዬ የጎን ቅርጹን ያጣል፤ ዝቅ ብሎ መንሳፈፉ፣ የአንገቱ ማጠር፣ የምንቃሩ መጎድጎድ አይታይም፤ የሚታየው የጀርባው ቀለም ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከማስረጃዎቹ ሁሉ ደካማው ነው። ሲቻል የሚያዋጣው ወደ ውሃው ወረድ ብሎ ወፉን በዓይን ደረጃ ማየት ወይም ከቅርቡ ይልቅ በሰያፍ በኩል ያለውን የሐይቁን ክፍል በቴሌስኮፕ መቃኘት ነው። ብርሃን በጠዋት ከምሥራቅ ስለሚመጣ ጠዋት ከምሥራቁ ጠርዝ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራቡ ብትቆሙ ፀሐይ ከጀርባችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ማለዳ ላይ የምሥራቁ ገደል በውሃው ላይ ጥላውን ስለሚጥል ጥላው እስኪነሳ መታገሥ ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ውሃው ስለሚናወጥ ዝቅ ብሎ የሚንሳፈፍ ወፍ በማዕበል መሐል ይጠፋል። እኔ ማለዳን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የስልክ መተግበሪያዎችን በተመለከተ ተቃውሞ የለኝም፤ ለጀማሪ ጥሩ ረዳት ናቸው። የምታስገቡት ፎቶ የተነሳበት ቦታና ቀን ካልተሞላ ግን መተግበሪያው የሰሜን አሜሪካውን ረዲ ዳክዬ ሊጠቁማችሁ ይችላል፣ ወንዱ ቀይ ቡኒ ሰውነትና ሰማያዊ ምንቃር ያለው በመሆኑ ነው። የረዲ ወንድ ጉንጩ ነጭ ነው፤ የማኮዋ ራስ ግን በሙሉ ጥቁር ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ከሰፈሩ ኩሬ ፎቶ ልኮ “የቢሾፍቱው ዳክዬ እዚህም አለ” ቢላችሁ መልሱ ጉንጩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ምዝገባው ልለፍ፤ በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም አንድ ጣጣ ስላለ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። የኛ ተመልካች ማስታወሻውን የሚይዘው በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በኢትዮጵያ ሰዓት ነው፤ ኢበርድን የመሰሉ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች ደግሞ የሚቀበሉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በደብተሩ ላይ “3/7/2015” ብሎ የጻፈ ሰው መጋቢት 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2023 ነው። ይህንኑ ቁጥር ሳይቀይር ያስገባው እንደሆነ ግን ጁላይ 3 ቀን 2015 ተብሎ ይነበባል። ያየው ወፍ ነጭ ዓይን ፖቻርድ ቢሆን፣ በመጋቢት ለመመለስ የሚዘጋጅ ተራ ፍልሰተኛ የነበረው ወፍ በሰኔ መጨረሻ፣ በክረምቱ መግቢያ የታየ አስደናቂ ወፍ ሆኖ ይመዘገባል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ያየውን 1፡00 ብሎ የሚሞላ ሰው ዳክዬውን ከሌሊቱ 7 ሰዓት እንዳየው አድርጓል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጻፉ፣ ከዓመቱ አጠገብ “ዓ.ም.” ወይም “እ.ኤ.አ.” ብላችሁ ለዩ፣ ሰዓቱን ስትጽፉ ጠዋት፣ ከሰዓት ወይም ማታ የሚለውን አትተዉ፤ የምትቀይሩት ደግሞ ቤት ገብታችሁ ስትረጋጉ ይሁን።

ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር መመዝገብ የሚገባው የቆማችሁበት ቦታ፣ የቆያችሁበት ጊዜ፣ የታዩት ወፎች ብዛትና ማኮዋ ነው ያሰኛችሁ ምክንያት ነው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። “ማኮዋ፣ 2” ከሚል ይልቅ “ከዓይን በታች አግድም መስመር፣ ክንፉ ላይ ነጭ የለም፣ ከኩት ይበልጣል” የሚለው ማስታወሻ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚያነበው ሰው ይናገራል። ፎቶ ካነሳችሁ ደግሞ አንድ የጠራ ፎቶ ለማግኘት ከመድከም ይልቅ ወፉ ሲጠልቅ፣ ሲዞር፣ ክንፉን ሲያራግፍ የሚያሳዩ ደብዛዛም ቢሆኑ ብዙ ፎቶዎች ይበልጥ ይረዳሉ። ፈልጋችሁ ያላገኛችሁበትን ቀንም መዝግቡ። ወፉ የጠፋው ከሐይቁ ነው ወይስ ከተመልካቹ ዓይን የሚለውን ለመመለስ የሚቻለው ፈልገው ያጡ ሰዎች ማጣታቸውን ሲጽፉ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በአፍሪካ በየዓመቱ በጃንዋሪ፣ በኛ በጥር ወር አካባቢ የሚካሄደው የውሃ ወፎች ቆጠራ ዋጋ ያገኘው አንድን ቦታ በአንድ ወቅት እየደጋገመ፣ ያለውንም የሌለውንም ስለሚጽፍ ነው።

ማኮዋን መቁጠር ለምን ያስፈልጋል ለሚል መልሱ ከአመጋገቡ ጋር የተያያዘ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ ላይ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ዝርያዎች መካከል አስቀምጦታል፤ የአፍሪካና የዩሬዥያ ፍልሰተኛ የውሃ ወፎች ስምምነትም ራሱን የቻለ የድርጊት ዕቅድ አውጥቶለታል። ወደ ሐይቅ የሚገባ ፍሳሽ የሚያመጣው በካይ ነገር በመጨረሻ የሚረጋው ጭቃው ላይ ነው፤ ከጭቃው ላይ የሚለቅም ወፍ ደግሞ ያንኑ ከምግቡ ጋር ይወስዳል። ለዓሣ የተዘረጋ መረብ ጠላቂን ወፍ ከውሃ በታች ይይዘዋል፣ የተያዘውም አየር አጥቶ ይሞታል። ጥልቀት የሌላቸው ረግረጎች ሲደርቁ ወይም ሲታረሱ የሚራባበትን ፊላ ያጣል። እነዚህ ሦስቱም በከተማ ዳር ለሚገኝ ሐይቅ ሩቅ ነገሮች አይደሉም፤ በሐይቆቹ ዙሪያ የሚገነቡት መዝናኛዎች ፍሳሻቸውን ወዴት እንደሚልኩ መጠየቅ የወፍ ተመልካችም ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላይ አክያለሁ።

አንድ አስጎብኚ የማኮዋ ጎጆ ቢያገኝ እንግዶችን ወስዶ ማሳየት ይችል እንደሆነ ጠይቀውኛል። አይገባም የሚል መልስ ሰጥቻለሁ። በዚህ ዝርያ እንቁላሎቹን የምትታቀፈው ሴቷ ብቻዋን ናት፤ ወንዱ አይተካትም። ሰው ወይም ጀልባ ወደ ፊላው ሲጠጋ ትታው ስትወርድ ጎጆው ያለ ጠባቂ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ለቁራና ለሌሎች እንቁላል በላተኞች ይጋለጣል። የማኮዋ ሴት በሌሎች ዳክዬዎችና በኩት ጎጆ ውስጥም እንቁላል የመጣል ጠባይ ስላላት፣ በፊላ ውስጥ የምናገኘው የኩት ጎጆ የሷን እንቁላል ይዞ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል። እንግዳው ማኮዋን ማየት ከፈለገ ከጠርዙ ላይ በቴሌስኮፕ ይታየዋል፤ ድምፅ በስልክ እያሰሙ መጥራትም አያስፈልግም። ጎጆ የተገኘበትን ቦታ በይፋ መዝገብ ላይ ስትጽፉ የሐይቁን ስም ብቻ ጥቀሱ፣ ጥጉን አትጥቀሱ።

አንዲት ተማሪ ደግሞ ባይኖኩላር የሌለው ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ጠይቃለች። ልጄ፣ ለመጀመር አያስፈልግሽም ብያታለሁ። በሐይቁ ዳር አንድ ቦታ ምረጪና በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት ተቀመጪ፤ በዓይንሽ የሚደረሱትን ኩቶችና ግሪቦች ቁጠሪ፤ እንዴት እንደሚጠልቁ፣ ሲወጡ ውሃው ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ሲደነግጡ ወዴት እንደሚሸሹ ጻፊ። ወንድ ማኮዋ ፊላው አጠገብ ከጮኸ ድምፁ ያለ መነጽር ይሰማል። በውሃው ላይ ከኩቶቹ የማይመስል፣ ወፈር ያለና ዝቅ ብሎ የሚንሳፈፍ ነገር ያየሽ ቀን ቀኑን ከነወሩ ስም ጻፊና መነጽር ያለው ሰው ጥሪ።